«ግራኝ»፦ የአንድ ቃል ፍቺና አጠቃቀም ከጥያ ትክል ድንጋዮች አንጻር

መግቢያ

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በጉራጌ ምድር በሶዶ የምትገኘው ጥያ በዓለም የታወቀችው በትክል ድንጋዮቿ ነው። ዩኔስኮ ስፍራውን እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በመዝገቡ ከተጠቀሱት 36 ድንጋዮች 32ቱ ልዩ ልዩ ምልክት የተቀረጸባቸው ናቸው። የአካባቢው ሰው ግን እነዚህን ድንጋዮች ሲጠራቸው የኖረው «የግራኝ ድንጋይ» እያለ ነው።

በዚህ አጭር አጠራር ውስጥ ሦስት ነገሮች በአንድ ገመድ ታስረዋል፤ አንድ ቃል፣ አንድ ሰው እና አንድ ድንጋይ። ቃሉ «ግራኝ» ነው። ሰውየው ኢማም አሕመድ ኢብኑ ኢብራሂም አል-ጋዚ ናቸው። ድንጋዩ ደግሞ ማን እንደተከለው ቅርጹ በግልጽ የማይናገር የመቃብር ምልክት ነው። ገመዱ ሳይፈታ ሲቀር ቃሉ ስድብ፣ ሰውየው ተረት፣ ድንጋዩም የሌላ ሰው ንብረት ይሆናል። በሶዶ፣ በመስቃንና በስልጤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ገበያ፣ በአንድ ዕድርና በአንድ ትምህርት ቤት የሚኖር ሕዝብ ነውና የዚህ መደበላለቅ ዋጋ የሚከፈለው በልጆች መካከል ነው።

ይህ ጽሑፍ ሦስቱን ነገሮች አንድ በአንድ ለመለየት ይሞክራል። የሚከራከርለትም ነጥብ አንድ ነው፤ «ግራኝ» በፍቺው ነውር የሌለበት ቃል ነው፣ ጉዳቱ የሚመጣው ከአጠቃቀሙ ነው። አጠቃቀሙን ለመመዘንም ዑለማኦቻችን ስለ ቅጽል ስሞች ያስቀመጡት ሚዛን በቂ ነው።

፩. የቃሉ ፍቺ

«ግራኝ» «ግራ» ከሚለው የወጣ ቅጽል ነው። ለመሥራት፣ ለመወርወር ወይም ለመጻፍ ከቀኙ ይልቅ ግራ እጁ የሚቀናውን ሰው ያመለክታል። በዚህ ፍቺው የአካልን ጠባይ ከመግለጽ ያለፈ ሸክም የለውም፤ «ረጅም» ወይም «ጠይም» እንደ ማለት ነው። ዛሬም በየቤቱ ግራ እጁን ለሚያስቀድም ልጅ ሁሉ ይነገራል።

ሥሩ «ግራ» ግን በአማርኛ ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል «ግራ ገባኝ»፣ «ነገሩ ግራ ነው»፣ «በግራ ጎኑ ተነሣ» ስንል ያልቀናውንና ያልተስማማውን ነገር እንገልጽበታለን። የጠዋት ምርቃታችንም «በቀኝ አውለን» የሚል ነው። በሌላ በኩል «ግራዝማች» በጦር አሰላለፍ የግራውን ክንፍ የሚመራ አዛዥ የማዕረግ ስም ነበር፤ የተሾመበት ሰው ይከበርበት እንጂ አይሰደብበትም ነበር። በፍርድ ሸንጎም «ግራ ቀኙን ሰምቶ» ሲባል ሁለቱን ተከራካሪዎች እኩል የሚያይ አነጋገር ነው። ስለዚህ ቃሉ በራሱ ወደ ክፉም ወደ ደግም አያደላም፤ የሚያጋድለው አብሮት የሚነገረው ነገር ነው።

በዐረብኛም ተመሳሳይ ነገር እናገኛለን። ግራ «ሺማል» ወይም «የሳር» ይባላል። «የሳር» የሚጋራው ሥር ቅለትንና ምቾትን የሚገልጸው «ዩስር» የወጣበትን ነው። ግራኝ ሰው ደግሞ «አዕሰር» ይባላል፤ የዚህ ሥር ችግርንና ጭንቅን ከሚገልጸው «ዑስር» ጋር አንድ ነው። አንዱ ቋንቋ ያንኑ ግራ አንድ ጊዜ ከቅለት፣ አንድ ጊዜ ከችግር ጋር አዛምዶታል ማለት ነው።

አንዳንድ ደረሶች በሱረቱል ዋቂዓህ የተነገሩትን አስሓቡል የሚንንና አስሓቡሽ ሺማልን እያነሡ ግራኝነት በራሱ የመጥፎ ዕድል ምልክት እንደሆነ ይጠይቃሉ። ምዕራፉ የሚናገረው በመጨረሻው ቀን ሰዎች በሥራቸው ስለሚከፈሉበት ሁኔታ ነው፤ የትኛው እጅ እንደሚቀናቸው አይደለም። በቀኝ እጅ መብላትና መጠጣት በሐዲስ የታዘዘ አደብ መሆኑ የታወቀ ነው። ይህ ግን አንድ ልጅ ግራ እጁ ጠንካራ ሆኖ በመፈጠሩ የሚነቀፍበት ምክንያት አይሆንም። የታሪክ መጻሕፍት ዑመር ኢብኑል ኸጧብን (ረ.ዐ) «አዕሰር የሰር» ብለው ይገልጿቸዋል፤ በሁለቱም እጆቻቸው የሚሠሩ ማለት ነው። ገለጻው ከፍ ካለው ማዕረጋቸው አንዳች አልቀነሰም።

፪. ቅጽሉ የሰው ስም ሲሆን

ኢማም አሕመድ በአደል የተነሡ መሪ ናቸው። በ935 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ1529) በሽምብራ ቆሬ የዐፄ ልብነ ድንግልን ሠራዊት ድል አደረጉ። በ949 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. የካቲት 1543) ከዐፄ ገላውዴዎስና ከፖርቱጋል ወታደሮች ጋር በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት ወደቁ። በእነዚህ ዐሥራ አራት ዓመታት የሆነው ነገር የአገሪቱን መልክ ለውጧል።

የዘመቻው ዋና የዐረብኛ ምንጭ ፉቱሑል ሐበሻ ነው። ጸሐፊው ዐረብ ፈቂህ በመባል የሚታወቁት ሺሃቡዲን አሕመድ ኢብኑ ዐብዱልቃዲር ናቸው። መጽሐፉ የኢማሙን ፍጻሜ ሳይደርስ ያበቃል። ፈረንሳዊው ረኔ ባሴ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የዐረብኛውን ጽሑፍ ከነትርጉሙ ማሳተም ጀምረዋል፤ የእንግሊዝኛ ትርጉሙም እ.ኤ.አ. በ2003 ወጥቷል። በዚህ መጽሐፍ ሰውየው የሚጠሩት «ኢማም» ተብለው ነው። እዚህ ላይ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ የቃል ልዩነት አለ። ዛሬ በየመስጂዱ «ኢማም» ስንል ሶላት የሚያሰግደውን ሰው ማለታችን ነው። በአደል ግን ቃሉ ሕዝብን የማስተዳደርና ጦር የመምራት ሥልጣንን ያካተተ ማዕረግ ነበር። ፖርቱጋላዊው ሚጌል ደ ካስታኞዞ በበኩላቸው ሰውየውን «የዘይላ ንጉሥ» ይሏቸዋል። አንድን ሰው ወዳጁ በማዕረጉ፣ ባላጋራው በአገሩ ጠራው ማለት ነው።

«ግራኝ» የሚለው አጠራር የመጣው ደግሞ ከሕዝብ አንደበት ነው። በአማርኛ «ግራኝ»፣ በሶማልኛ «ጉሬይ» ሲባሉ ሁለቱም ፍቺያቸው አንድ ነው። በፉቱሑል ሐበሻ ውስጥ የሀብር መቅዲ ነገድ አለቃ የሆኑ ሌላ አሕመድ ይገኛሉ፤ እሳቸውም ከስማቸው ጋር ተመሳሳይ ቅጽል ይዘው ተጠቅሰዋል፤ አንዳንዶች «ጉሬይ»፣ ሌሎች «ጊሪ» ብለው ያነቡታል። መምህራን ከመጽሐፉ ሲጠቅሱ አሕመድ ኢብኑ ኢብራሂምን ከአሕመድ ኢብኑ ሑሰይን መለየት ይኖርባቸዋል።

ቅጽል ስም የሚወጣው አንዱን አሕመድ ከሌላው አሕመድ ለመለየት ነው። «ግራኝ» ግን ይህን አገልግሎቱን እያጣ ሄደ። ለዚህ ዋነኛው ማስረጃ በአማርኛ እጅግ የተለመደው «ግራኝ መሐመድ» የሚለው አጠራር ነው። የሰውየው ስም አሕመድ ነው። ቅጽሉ ስሙን እስከ ማስረሳት ከደረሰ፣ መለያ መሆኑ ቀርቷል። ስህተቱም ቀላል አይደለም። በአድማጩ ጆሮ ላይ የአንድ የጦር መሪን ዝና ሙስሊሙ ሁሉ አክብሮ ከሚጠራው የነቢይ ስም ጋር ያቆራኛል።

ከዚያ ቀጥሎ ቃሉ ሰውን መግለጹን ትቶ ታላቅ ጥፋትን መግለጫ ሆነ። በመካከለኛውና በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ፈርሶ ወይም ወድቆ የተገኘን ሕንጻ ለዮዲት ጉዲት ወይም ለግራኝ መስጠት የተለመደ ነው። አንዳንዱ እውነት ነው። አብያተ ክርስቲያናት መቃጠላቸውን ዐረብ ፈቂህ ራሳቸው ሳይደብቁ ጽፈውታል፤ ስለዚህ ክርስቲያን ጎረቤታችን ይህን ስም ሲሰማ የሚያዝንበት እውነተኛ ምክንያት አለው፤ ይህንንም ልንክድበት አይገባም። አንዳንዱ ግን ምንም ማስረጃ የሌለው ነው። የጥያ ድንጋዮች ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

፫. ድንጋዩና የተሰጠው ስም

በጥያ ድንጋዮች ላይ በብዛት የሚታየው ቅርጽ ሰይፍ ነው። ክብ ምልክቶችና ቅርንጫፍ የሚመስል ቅርጽም አሉባቸው። ትርጉማቸው አብዛኛው እስካሁን አልተፈታም። ሰይፍ ያየ ሰው ጦረኛን ቢያስብ፣ ጦረኛ ሲያስብም በአፈ ታሪክ ከሁሉ የገነነውን ስም ቢጠራ አይገርምም። «የግራኝ ድንጋይ» የሚለው አጠራር የተወለደው ከዚህ ሳይሆን አይቀርም። አጠራሩን እንደ አጠራር ማክበር ይገባል፤ የሕዝብ ትዝታ ነውና። እንደ ታሪክ ማስረጃ ግን ሊቆም አይችልም። ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው።

አንደኛው ዘመን ነው። በስፍራው ቁፋሮ ያደረጉት የፈረንሳይ አርኪኦሎጂስቶች የደረሱበት ዕድሜ ድንጋዮቹን ከኢማሙ መነሣት ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ያስቀድማቸዋል። ድንጋዮቹ ቆመው በነበረበት ጊዜ ኢማሙ ገና አልተወለዱም።

ሁለተኛው ብዛትና ስርጭት ነው። ጥያ ብቻዋን አይደለችም፤ በሶዶ አገር 160 ያህል ተመሳሳይ ስፍራዎች ተለይተዋል። ይህን ሁሉ ድንጋይ ማውጣት፣ መጥረብ፣ ማጓጓዝ፣ መቅረጽና መትከል በአንድ ቦታ ረግቶ የኖረ፣ የራሱ የቀብር ሥርዓት የነበረው ሕዝብ ሥራ ነው። ከአንዱ ግንባር ወደ ሌላው በሚጓዝ ሠራዊት የሚሠራ አይደለም። በቁፋሮውም ከድንጋዮቹ ሥር የተገኙት አካላቸው ታጥፎ የተቀበሩ ወጣት ወንዶችና ሴቶች ናቸው፤ ይህ የኢስላም የአቀባበር ሥርዓት አይደለም።

ሦስተኛው የቅርጹ ባሕርይ ነው። በአገራችን የጥንት ሙስሊሞች የመቃብር ድንጋዮች ምን እንደሚመስሉ እናውቃለን። በትግራይ በኲሓ አካባቢ የተገኙት ከኢማሙ ዘመን በብዙ መቶ ዓመታት የሚቀድሙ ናቸው፤ በሐረርጌም ሌሎች ተገኝተዋል። በእነዚህ ላይ የተቀረጸው የዐረብኛ ጽሑፍ ነው። በጥያ ድንጋዮች ላይ አንድም የዐረብኛ ፊደል የለም። በመቃብር ላይ ማነጽና መቃብርን ማስጌጥ በሐዲስ የተከለከለ መሆኑን የሚያውቅ መምህርም፣ በፈቂሆች የታጀበ ሠራዊት ይህን ሥራ ይሠራዋል ብሎ ለመቀበል ይቸገራል።

ስምን ብቻ ይዞ ታሪክ መገንባት የሚያስከትለውን ስህተት ለማየት ከዚያው ከጉራጌ ምድር ሌላ ምሳሌ አለ። «ጉራጌ» የሚለውን ስም አንዳንዶች «ግራ» እና አገርን ወይም ወገንን ከሚገልጸው «ጌ» አጣምረው «በግራ በኩል ያለ አገር» ብለው ይፈቱታል። ሌሎች ደግሞ በኤርትራ ከሚገኘው ጉራ ከተባለው ስፍራ ያመጡታል። ሁለቱም የድምፅ መመሳሰልን መነሻ ያደረጉ ፍቺዎች ናቸው፤ ድምፅ መመሳሰሉ ብቻውን ግን አንዱንም አያጸድቅም። እንዲያውም «ግራ» የሚለውን ድምፅ ብቻ የሚከተል ሰው ጉራጌን፣ ግራኝንና የጥያን ድንጋይ በአንድ ታሪክ ውስጥ ሊሰፋቸው ይችላል፤ ቃላቱ ስለተቀራረቡ ብቻ!

ለሕዝብ የተሰጠ የተሳሳተ ስም የሚጎዳው ማንን ነው? ከሁሉ አስቀድሞ በዚያ የተቀበሩትን። ድንጋዩ የግራኝ ከሆነ እነዚያ ወጣቶች ስምም ባለቤትም የላቸውም ማለት ነው። ቀጥሎ ክርስቲያኑን፤ የአያቶቹ ሊሆን የሚችለውን ቅርስ የወራሪ ምልክት አድርጎ ያየዋልና። ሙስሊሙንም፤ የእሱ ባልሆነ ድንጋይ ይወቀሳል፣ ወይም የእሱ ባልሆነ ድንጋይ ይመካል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የአንድ አይሁዳዊ አስከሬን ሲያልፍ መቆማቸውን፣ ሲጠየቁም እሱም ነፍስ መሆኑን ማስታወሳቸውን የምናስተምር ሰዎች፣ የማናውቃቸውን ሙታን ክብር መጠበቅ እንግዳ ነገር ሊሆንብን አይገባም።

፬. ስለ ቅጽል ስም የዑለማእ ሚዛን

ሱረቱል ሑጁራት በ11ኛው አንቀጽ ሦስት ነገሮችን አከታትሎ ይከለክላል፤ ሕዝብ በሕዝብ ላይ መሳለቅን፣ እርስ በርስ መነቃቀፍን እና በመጥፎ ቅጽል ስሞች መጠራራትን። ቅደም ተከተሉን ያስተዋለ ሰው የስም ጉዳይ የብቻ ነገር አለመሆኑን ይረዳል። ክፉ ቅጽል የመሳለቅ ልጅ ነው።

ይሁን እንጂ የሐዲስ ዘጋቢዎችን ስም የሚያነብ ደረሳ ወዲያው አንድ ጥያቄ ያጋጥመዋል። ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ብዙ ያስተላለፉት ዐብዱረሕማን ኢብኑ ሁርሙዝ «አል-አዕረጅ» ይባላሉ፤ አንካሳው ማለት ነው። የኩፋው ሱለይማን ኢብኑ ሚህራን «አል-አዕመሽ» ይባላሉ፤ ዓይናቸው ደካማ የሆነው ማለት ነው። እነዚህ ስሞች በታላላቆቹ የሐዲስ መጻሕፍት ውስጥ በየገጹ አሉ። ታዲያ ክልከላው የት ደረሰ?

መልሱ በሱናው ውስጥ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሶላት ሁለት ረከዓ ሰግደው ሲያሰላምቱ የጠየቃቸው ሰሓቢይ «ዙል የደይን» ማለትም ባለ ሁለት እጁ በሚል ቅጽል የሚታወቅ ሰው ነበር፤ እጆቹ ረጃጅሞች ነበሩ። ነቢዩም በዚሁ ቅጽሉ ጠቅሰውታል። ኢማሙል ቡኻሪ ይህን በአደብ ክፍላቸው፣ ሰዎችን በረጅምነትና በአጭርነት ስለ መግለጽ በሚናገረው ርዕስ ሥር አንሥተውታል።

ኢማሙ ነወዊ በሪያዱ ሷሊሒን ስለ ሐሜት በጻፉበት ክፍል ይህን በሥርዓት አስቀምጠውታል። ሐሳባቸው ሦስት ደረጃ አለው። አንድ ሰው በአካሉ ገለጻ የታወቀ እንደሆነ ለማስታወቅ ሲባል በዚያ መጥራት ይፈቀዳል። ለማሳነስ ታስቦ ከሆነ ግን ሐራም ነው። በሌላ ስም ማስታወቅ የሚቻል ከሆነም ያ ይመረጣል።

ይህን ሚዛን «ግራኝ» በሚለው ላይ ብናሳርፈው ፍርዱ ግልጽ ይሆናል። አንድ የታሪክ መምህር ተማሪዎቹ ሰውየውን በሌላ ስም ስለማያውቋቸው «ግራኝ በመባል የሚታወቁት ኢማም አሕመድ» ቢል በመጀመሪያው ደረጃ ውስጥ ነው፤ ነውር የለበትም። ተናጋሪው ቃሉን ለማዋረድ ወይም ዛሬ ያለን ሙስሊም ለመስደብ ሲጠቀምበት በሁለተኛው ውስጥ ይገባል። ስድብን ወደ ፉከራ ገልብጦ ጎረቤቱን ለማስፈራራት «የግራኝ ልጅ ነኝ» የሚል ወጣትም ከመሳለቁ ክልከላ አያመልጥም፤ አንቀጹ ሕዝብ በሕዝብ ላይ ሲል ሁለቱንም ወገን ይይዛልና። ሦስተኛው ደረጃ ደግሞ የጽሑፍና የሚንበር ቋንቋችንን ይመለከታል፤ «ኢማም አሕመድ ኢብኑ ኢብራሂም» የሚለው ሙሉ ስም እየታወቀ ሲሄድ ቅጽሉ እየቀረ ይሄዳል።

፭. በመድረሳና በመስጂድ

ከላይ ከተባለው የሚከተሉትን የማስተማር ልማዶች ማውጣት ይቻላል።

የመጀመሪያው ስሙን ማስተካከል ነው። ደረሳው «ግራኝ መሐመድ» ሲል ከተሰማ ቁጣ ሳያስፈልግ «ስማቸው አሕመድ ነው፤ የአባታቸው ስም ኢብራሂም ነው» ማለት ይበቃል። ስምን ማረም ከክርክር ይልቅ ይጸናል።

ሁለተኛው ፍቺውን ማስተማር ነው። ቃሉ የአካል ገለጻ መሆኑን፣ በሶማልኛም አቻ እንዳለው፣ በዐረብኛ «አዕሰር» እንደሚባል ያወቀ ልጅ ሲሰደብበት አይደነግጥም፤ ሊሰድብበትም አይከጅልም። ግራ እጁ የሚቀናው ልጅ በክፍል ውስጥ ካለም ይህ ትምህርት ይጠቅመዋል። በቀኙ እንዲበላ በፍቅር ይለማመዳል። በግራው ቢጽፍ ግን «ግራኝ» እየተባለ መሳቂያ እንዲሆን መምህሩ ሊፈቅድ አይገባም፤ ይህ በሑጁራት የተከለከለው ራሱ ነውና።

ሦስተኛው ሰውየውን ከነዘመናቸው ማቅረብ ነው። የሽምብራ ቆሬና የወይና ደጋ ጦርነቶች በሁለት መንግሥታት መካከል የተደረጉ፣ የሁለቱም ወገን ሰው ያለቀባቸው ጦርነቶች ናቸው። ዐረብ ፈቂህ የጻፉትን የምናነብ፣ የክርስቲያኑ ወገን የጻፈውንም ማንበብ ይኖርብናል። ዳኛ ግራ ቀኙን ሳይሰማ አይፈርድም።

አራተኛው ጥያን የሚመለከት ነው። ወደ ስፍራው ተማሪ ይዞ የሚሄድ መምህር የአካባቢውን አጠራር ሊደብቅ አያስፈልገውም። «ሰዉ የግራኝ ድንጋይ ይለዋል፤ የቁፋሮው ውጤት ግን ከኢማም አሕመድ በፊት የነበረ ሕዝብ የመቃብር ምልክት መሆኑን ያሳያል፤ የተቀበሩት ወጣቶች ነበሩ» ብሎ ሁለቱን ለይቶ መናገር ይችላል። ከዚያ በኋላ ተማሪዎቹን ወደ ድንጋዮቹ አቅርቦ ሰይፎቹን እንዲቆጥሩ፣ ክቦቹን እንዲያዩ፣ ፊደል እንዲፈልጉ ያድርጋቸው። ፊደል እንደማያገኙ ራሳቸው ሲያረጋግጡ የኲሓን ድንጋዮች ይንገራቸው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተማሪ በአንድ ድንጋይ ፊት ቆመው «ይህ የማን ነበር?» ብለው አብረው የሚጠይቁት ያን ጊዜ ነው።